ባለ መቶ ዋቱ አምፖል

«ሚዜ ሆኜ ጎረቤላ ልሄድ ነው፤ የመኪናዬን የፊት አምፖል ባለ 100 ዋት ላድርገው?» ያልከኝ ወንድሜ፣ ተው! እኔም አድርጌው ነበር። በምሽት ከደብረ ብርሃን ወጥቼ ወደ አንኮበር ሳቀና ጉሙ ዱብ አለ። ረጅሙን መብራት ባበራ ፊቴ ነጭ ግድግዳ ተገተረ፤ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ። ለካ ብርሃን በጨመርክ ቁጥር ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ የግራው ሶኬት ቀልጧል! ለ60 ዋት የተሠራ ሽቦ 100 ሲሸከም ሙቀቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። (ፊውዙን ማሳደግማ እሳት መጥራት ነው።) በቀኙ አጭር መብራት እየዳህኩ ጎረቤላ ገባሁ። አንተ የደበዘዘውን መስታወት አስወልውል፤ አዲስ 60/55 ግዛ፤ የጉም መብራትህን ወደ መሬት ዝቅ አስደርግ። ከቻልክ ደግሞ ሙሽሮቹን በቀን አውጣቸው።