የደማችን ልክ በማን ሸንጎ ይወሰናል?

የጋይንት ተወላጅ ከሆኑት ባልንጀሮቻችን ያንዱ አክስት ባለፈው ዓመት ደማቸውን አስመርምረው ነበር። ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር 13.1 ግራም ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ያየው የመጀመሪያው ባለሙያ «እናቴ፣ ደህና ነዎት» ብሎ ሸኛቸው። ሁለተኛው ግን የከፍታ ማስተካከያ ሰንጠረዥ አውጥቶ ሒሳቡን ሠራና «ደም አንሶዎታል» ብሎ የብረት ክኒን አዘዘላቸው። ደሙ ያው ደም ነው፤ ቁጥሩም ያው ቁጥር ነው። ሁለቱም ባለሙያዎች በእጃቸው እንዳለው ደንብ ሠርተዋል። እኒያ ሴትዮ ወደ ባልንጀራችን ዘወር ብለው «ልጄ፣ ታዲያ ታምሜአለሁ ወይስ አልታመምሁም?» ቢሉት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ልጃቸው መልስ አጣ። እኛም ነገሩን በማደሪያችን ስንከራከርበት ካመሸን በኋላ ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን።

ለመሆኑ ይህን ደንብ የሚያወጣው ማን ነው?

ብዙዎቻችን «የላቦራቶሪ ደረጃ» ሲባል መንግሥት ያወጀው፣ ወይም ከሳይንስ ሰማይ የወረደ ጽላት ይመስለናል። አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተከራክረውና ተስማምተው የሚጽፉት ነው፤ አብዛኞቹም ለዚህ ሥራ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሙያው ዘንድ የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ብሔራዊ የክሊኒካል ላቦራቶሪ ደረጃዎች ኮሚቴ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ2005 ወዲህ ስሙ የክሊኒካልና የላቦራቶሪ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሆኖአል። በዚህ ድርጅት ሦስት ወገኖች ባንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ የሙያው ሰዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ መሣሪያውን የሚሠሩት ኩባንያዎች። አንድ ጥያቄ ሲነሣ ጥቂት ሰዎች ረቂቅ ይጽፋሉ። ረቂቁ ለኮሚቴው ይቀርባል፤ ከዚያም ለአስተያየት ወደ ውጭ ይወጣል። የሚመጣውን አስተያየት ኮሚቴው አይቶ፣ ቢቀበለውም ባይቀበለውም፣ ምክንያቱን በጽሑፍ መመለስ አለበት። የሥራው ጨው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን በጠባብ ብልጫ ማሸነፍ አይበቃም። ስምምነት ማለት ሁሉም እኩል ወደደው ማለት ሳይሆን፣ የተቃወመው ሰው ተሰምቶ፣ ነገሩ ተመርምሮ፣ ከዋና ዋናዎቹ ወገኖች አንዱም በጽኑ የሚቃወመው ሳይሆን ሲቀር ነው። አገር ቤት ሽማግሌዎች ነገር ሲጨርሱ እጅ አስወጥተው ብቻ እንደማይነሡ ሁላችንም አይተናል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም መንገዱ ይኸው ነው። ለሕክምና ላቦራቶሪዎች የወጣው አይሶ 15189 የሚባለው ደንብ በ2003 መጀመሪያ ታትሞ፣ ሲሻሻል ቆይቶ፣ በ2022 አራተኛው እትም ወጥቶአል። በአፍሪካ ደግሞ በ2009 ኪጋሊ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ላቦራቶሪዎችን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግ መርሐ ግብር አስጀመረ። ከመቶ 55 ያላገኘ ላቦራቶሪ ኮከብ የለውም፤ 95 የደረሰ አምስት ኮከብ ያገኛል። በ2011 የተመሠረተው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ሸንጎው ከባሕር ማዶ ብቻ ነው ብለን ማመካኘት አንችልም።

ደግሞስ ደረጃ የሚባለው ነገር ለጋይንት እንግዳ ነውን? የድጓ ተማሪ ጎጃም ይማር ወሎ፣ ትምህርቱን ሲፈጽም ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የዝማሬ መዋሥዕቱ ተማሪ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ያን ሁሉ ተራራ የሚወጣው ድምፁን ሊያሰማ ብቻ አይደለም፤ የእርሱ ዜማ ከሌላው አገር ዜማ ጋር አንድ መሆኑ እንዲመሰከርለት ነው። ያልተመሰከረለት ሰው ድምፁ ቢያምርም መምህር ነኝ ማለት ይከብደዋል። ላቦራቶሪዎችን እየፈተሹ ምስክር መስጠት ዛሬ ሌላ ስም ወጥቶለት ከውጭ መጣልን እንጂ ነገሩ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው። በርግጥ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ድጓው እንደተጻፈ ይጠበቃል፤ የላቦራቶሪ ደንብ ግን ካልታደሰ ይበሰብሳል። ተዋሕስያን ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፉ የሚነግረው የአሜሪካው ኮሚቴ ሰንጠረዥ በየዓመቱ እየታረመ የሚወጣው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደሙ እንመለስ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ የዓለም ጤና ድርጅት የማስተካከያ ሰንጠረዥ አውጥቶአል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ደም ማነስ የሚባለው ከ12 ግራም በታች ነው፤ ለረጅም ጊዜ በሠራው ሰንጠረዥ መሠረት ግን በ3,000 ሜትር ላይ ለምትኖር ሴት 1.9 ተጨምሮ ወሰኑ 13.9 ይሆናል። የባልንጀራችንን አክስት በአንድ ቀን ከጤነኛ ወደ ሕመምተኛ ያሻገራቸው ይህ 1.9 ነው። ሰንጠረዡ በ2024 ተሻሽሎአል፤ የተሻሻለውም ቢሆን በከፍታ መጨመሩን አልተወም።

ይሁንና በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ከሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ከሚባል ቦታ፣ አንድ ጥናት አወጡ። በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመረመሩ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆነ፤ ይህም በባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን የወጣ አይደለም። የደማቸውም ኦክሲጅን የቆላ ሰው ያህል ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ ግን ከፍታውን የሚቋቋመው ሄሞግሎቢኑን እጅግ በማብዛት ነው። የእኛ ደገኛ በሌላ መንገድ ተላምዶአል ማለት ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ3,500 ሜትር የቀድሞው ሰንጠረዥ 2.7 ይጨምራል፤ የሴቷ ወሰን 14.7 ይሆናል። የአምባራስ ሴቶች አማካይ 15.0 ነው። ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ ያለችው ሁሉ፣ ምንም ሳይጎድልባት፣ «ደም ያነሳት» ተብላ ልትመዘገብ ነው!

አምባራስ ጋይንት አይደለም። አንድ መንደር ለበጌምድር ሁሉ ይመስክር አንልም። ሰንጠረዡን ቀዳችሁ ጣሉት ብንልም ትልቅ ስሕተት ይሆናል፤ በእውነት ደም ያነሳት እናት በወሊድ ላይ ልትሞት ትችላለችና። የምንለው ሌላ ነው። ያ የቀድሞው ሰንጠረዥ ሲቀመር ከጉና ሥር የሚኖር ሰው ደም በሚዛኑ ላይ አልወጣም፤ ስለ እርሱ የተናገረም አልነበረም። የስማዳን አገር ያየ ደግሞ አንድ ቁጥር ለአንድ ወረዳ እንኳ እንደማይበቃ ያውቃል፤ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በረሃ የሚወርድ አገር ነው።

የኮሚቴዎቹን አሠራር ስናደንቅ አንድ ነገር መሸፈን የለብንም። በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው ማን ነው? ስብሰባ ሲሄድ ደመወዙ የማይቋረጥበት፣ አሠሪው ጊዜ የሚሰጠው፣ ረቂቁ በተጻፈበት ቋንቋ የሚከራከር ሰው ነው። የኩባንያው ወኪል ይህ ሁሉ ተሟልቶለታል። ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ እያየ በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰው ባለሙያ ግን አንዱም የለውም። የሦስት ወገን ሚዛን የሚባለው ወንበር በመደልደል ብቻ አይጠበቅም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሰነዶች የሚሸጡ ናቸው፤ ዋጋቸውም ለአንድ የወረዳ ሆስፒታል የሚቀመስ አይደለም። በነጻ ተጽፎ በውድ መሸጡ እኛን አልተዋጠልንም። የአውሮፓው የመድኃኒት መቋቋም ፍተሻ ኮሚቴ ሰንጠረዦቹን በነጻ እንዲያወርዱ ለሁሉ መክፈቱ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል።

«መብራት በሚጠፋበት፣ ሪኤጀንት በሚያልቅበት፣ መንገዱ በግጭት በሚዘጋበት አገር ስለ ደረጃ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ችግሩን አንክድም። ነገር ግን ሪኤጀንት የጎደለበት ላቦራቶሪ ያለችውን ጥቂት ሪኤጀንት በተሳሳተ ወሰን ላይ ማባከን ይገባዋልን? ደግሞም እኛ የምናስበው ሥራ ትንሽ ነው። ያ የአሜሪካው ኮሚቴ ስለ ጤነኛ ሰው መጠን ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ወሰን ለማቋቋም ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰዎች ያስፈልጋሉ ይላል፤ ከሌላ ቦታ የመጣን ወሰን ለመፈተሽ ግን 20 ሰው ይበቃል። ከ20ው ከሁለት የበለጡት ከወሰኑ ውጭ ካልወደቁ ወሰኑ ለዚያ አገር ሰው ይሠራል፤ ከዚያ ከበለጡ ምርመራው ይደገማል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ ወሰኑ ይጠረጠራል። እንግዲህ መመሪያው ራሱ «የእኔን ቁጥር ሳትፈትሹ አትቀበሉ» ይለናል። ያልፈተሽነው እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ ወሰን በዚህ ብቻ ይፈረሳል ማለታችን አይደለም፤ በማስረጃ ለመከራከር ግን መነሻ ይሆናል።

በአገራችን ይህ ከዚህ በፊት ተሠርቶአል። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1999 ባወጣው ጥናት 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተመርምረው፣ ሲዲ4 የሚባለው የደም ሕዋስ ከአውሮፓውያኑ ያነሰ ሆኖ ተገኝቶአል። መድኃኒት ማን ይጀምር የሚለው ጥያቄ በሲዲ4 ቁጥር በሚወሰንበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የሆንን ተማሪዎች፣ በተለይ የላቦራቶሪ፣ የሕክምናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጋር ሆነን አንድ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ እንድናቆም እንጠይቃለን። ሰብሳቢው ከእኛ መካከል አይሁን፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ከሚሠሩት አንዱ ይሁን። ረቂቁ በአማርኛ ይጻፍ። ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳና አንድ የቆላ ቀበሌ ተመርጠው፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከየቦታው ከወንዱም ከሴቱም ሃያ ሃያ ሰው ፈቃዱ ተጠይቆ ይመርመር። እርጉዝ፣ የወባ ወይም የአንጀት ትል ሕመምተኛ፣ የብረት እጥረት ያለበት ይለይ። ለዚህ የሚያስፈልገው የፌሪቲን ምርመራ በየወረዳው ካልተገኘ ናሙናው ወደ ትልቅ ከተማ ይላክ። ውጤቱ በአዲስ አበባ ላሉት የደረጃ ቴክኒክ ኮሚቴዎችና ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በጽሑፍ ይቅረብ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንጠይቅ።

እስከዚያው በመጪው ክረምት ወደ አገሩ የሚገባ ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለው ላቦራቶሪ ጎራ ብሎ ባለሙያውን በትሕትና ሁለት ነገር ይጠይቅልን። በውጤቱ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን የታተመው የጤነኛ ሰው ወሰን ከየት ተገኘ? ለሄሞግሎቢን የከፍታ ማስተካከያ ትጠቀማላችሁ ወይስ አትጠቀሙም? የቀበሌውን ከፍታም በሜትር ጽፎ ያምጣ፤ በመስከረም ስንገናኝ ባንድ ወረቀት ላይ እንደረድረዋለን።