ስለ ጭብጨባ



ባለፈው ሳምንት በከተማችን በተደረገ አንድ የሙዚቃ ትርዒት ላይ ከተማሪዎቼ ስድስቱን ይዤ ተገኝቼ ነበር። በመጀመሪያ የሃይድን ኳርቴት፤ ከዕረፍት በኋላም ሹማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. ለፒያኖ፤ ለሁለት ቫዮሊን፤ ለቪዮላና ለቼሎ የደረሰው ባለ አራት ክፍል ሙዚቃ ተሰማ። የሹማን አንደኛው ክፍል በታላቅ ደስታ ሲፈጸም ከተማሪዎቼ አንዱ ከልቡ አጨበጨበ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሰው ዞረው «ገና አላለቀም፤ አንተ ባላገር!» ሲሉ ገሠጹት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ በፍጻሜው አዳራሹ በሙሉ ሲያጨበጭብ እንኳ እጁን አላነሣም። በማግሥቱም «ሁለተኛ አልሄድም» አለኝ። (የእኒሁ ሰው ስልክ በሃይድን ጊዜ ሁለት ጊዜ መጮኹን ባላነሣው ይሻላል።)

በክፍሎቹ መካከል አለማጨብጨብ ዛሬ የታወቀ ልማድ መሆኑን አልክድም፤ ምክንያትም አለው። ከዚያ የደስታ ክፍል ቀጥሎ የሚመጣው በቀስታ የሚራመድ የኀዘን ጕዞ ስለ ሆነ፤ በመካከሉ ያለው ዝምታ ራሱ የሚደመጥ ነው። ነገር ግን ልማዱ ከሙዚቃው ጋር አብሮ አልተወለደም። የቤትሆቨን ባለ ስድስት ክፍሉ ኳርቴት፤ ቍጥር 130 የሚባለው፤ በ1826 ዓ.ም. በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አድማጮቹ ሁለተኛውንና አራተኛውን ክፍል እጅግ ስለ ወደዱ እዚያው አስደግመዋል። የከበዳቸው የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ቤትሆቨንም በኋላ ሌላ መደምደሚያ ጽፎ ተካው። ታዲያ የቪየና ሰው በደራሲው ዘመን ደስታውን በግልጽ ካሳየ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ቢያጨበጭብ ባላገር የሚያሰኘው ምኑ ላይ ነው?

ደግሞስ ልጁ በምን ይወቅ? በበሩ ላይ የታደለን ወረቀት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የክፍሎቹም ስያሜ ጣሊያንኛ ነው። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ቀድሞ በሰው ቤት፤ በእልፍኝ ውስጥ፤ ለጥቂት ወዳጆች ይሰማ የነበረ ነው። በእልፍኝ ደግሞ ባለቤቱ ለእንግዳው ያስረዳል እንጂ አይቈጣም። ስለዚህ አዘጋጆቹን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ከመጀመራቸው በፊት ተነሥቶ «ይህ ሙዚቃ አራት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው የኀዘን ነው፤ ጭብጨባችሁን እስከ መጨረሻው አቆዩልን» ቢል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ወይም ይኸው በወረቀቱ ግርጌ በአማርኛ ይታተም። የስልኩንም ነገር እዚያው ቢጨምሩበት ቦታው አይጠብም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ