ቃርና የእራት ሰዓት

ቃር የያዘው ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ተልባ በጥብጠህ ጠጣ ይለዋል፣ ሌላዋ ቀዝቃዛ ወተት ትላለች፣ ጎረቤት የአብሽ ውሃ ያዛል፣ የሥራ ባልደረባ በባዶ ሆድ የድንች ጭማቂ ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቲክቶክና በቴሌግራም የሎሚ ውሃና የአፕል ኮምጣጤ ተጨምረዋል። ምክሩ ሁሉ ከደግ ልብ የሚመጣ ነው፤ ከተባሉት ውስጥ ለጊዜው የሚያስታግሱም አሉ። ሁሉም ግን መፍትሔውን የሚፈልጉት በብርጭቆ ውስጥ ነው። ቃር በቤት ውስጥ ሊቀንስ የሚችል ሕመም መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ በብዙ ሰው ላይ የሚቀንሰው ግን እራት የሚበላበትን ሰዓት፣ በአንድ ማዕድ የሚበላውን መጠንና የሚተኛበትን አኳኋን ሲለውጥ ነው። ይህን ያልነካ መድኃኒት፣ ከጓዳም ይምጣ ከፋርማሲ፣ ሥራው ግማሽ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ቀለበት የከበበው ጡንቻ አለ። ምግብ ሲያልፍ ይላላል፣ ካለፈ በኋላ ይጠብቃል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራምም ከውጭ ጨብጦ ያግዘዋል። ጨጓራ አሲድ ማመንጨቱ ጤናማ ሥራው ነው፤ የራሱ ግድግዳም አሲዱን እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። የቧንቧው ግድግዳ ግን አይችለውም፤ ስለዚህ አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ደረት ይቃጠላል፣ አፍ ይጎመዝዛል። የሚመልሱትም ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ጨጓራ ከልክ በላይ ሲወጠር ቀለበቱ ያለ ጊዜው ይላላል። ቦርጭ፣ እርግዝና ወይም የጠበቀ ቀበቶ ሆድን ሲጫን ይዘቱ ወደ ላይ ይገፋል። ሰው በሞላ ሆድ ጋደም ሲል ደግሞ አሲዱን ወደ ታች ይስብ የነበረው የስበት ኃይል አያግዘውም። ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ሁሉንም ያራዝማል። ከእነዚህ አንዱንም ተልባ አይነካውም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። እኛ ዘንድ ቃር ያለበትም ሆነ ጨጓራው የቆሰለ ሰው «ጨጓራ አለብኝ» ነው የሚለው፤ የሁለቱ ሕመም መንስኤ ግን የተለያየ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከሕሙማን ጨጓራ ለይተው አወጡ፤ ለጨጓራ ብግነትና ቁስለት ያለውን ሚና በማሳየታቸውም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኝ ነው፤ ሲገኝና ሕመም ሲያመጣ የሚታከመውም በአንቲባዮቲክ ጥምረት ነው። ነገር ግን አንቲባዮቲክ የላላ ቀለበት አያጠብቅም። ኪኒኑን በትክክል ጨርሶ ደረቱ አሁንም የሚቃጠልበት ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ፍለጋ ሲዞር ማየት ያሳዝናል። ባክቴሪያው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ቃር ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ሕመም ነው።

ማስረጃው ምን ይላል? የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ግምገማ ስለ ቃርና ስለ አኗኗር ለውጥ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ በአንድ ፈተሹ። ጠንከር ያለ ማስረጃ ያገኙት ለሁለት ነገሮች ነበር፦ ክብደት ለመቀነስና የአልጋን ራስጌ ከፍ ለማድረግ። ቡና፣ ቸኮላት፣ ቅመምና ብርቱካን ማቆም ለሁሉም ሰው ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ነርሶች ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት ክብደታቸው መካከለኛ በሆነ ሴቶችም ላይ ጥቂት መወፈር ቃርን እንደሚያበዛ አሳይቷል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም በ2022 መመሪያው ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ክብደት እንዲቀንስ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ከ2 እስከ 3 ሰዓታት ውስጥ እንዳይበላ፣ ሲጋራ እንዲያቆም፣ ሌሊት የሚያመው ደግሞ ራስጌውን ከፍ እንዲያደርግ ይመክራል። በዚያው ዓመት ከአምስተርዳም የወጣ ጥናት ሌላ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ በግራ ጎን የተኛ ሰው ወደ ቧንቧው የወጣ አሲድ በፍጥነት ተመልሶ ይወርድለታል፤ በጀርባ ወይም በቀኝ ጎን የተኛ ሰው ግን አሲዱ ይቆይበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አለመኖሩን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የከተማው ሠራተኛ ቁርሱን በሻይና በዳቦ ያልፋል፣ ምሳውን በጥድፊያ ይቀማምሳል፣ ከዚያ ታክሲ ሲጠብቅ አምሽቶ ቤቱ ይደርሳል። የቀኑ ዋና ምግብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይቀርባል፤ በ4 ሰዓት መብራት ይጠፋል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ደግሞ አሠሪዎቿ በልተው፣ እንግዳ ሸኝታ፣ ወጥ ቤት አጽድታ የምትበላው እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ በልታም ወዲያው ትተኛለች። በዚህ ላይ የእኛ ማዕድ ፍቅሩን የሚገልጸው በማብዛት ነው። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርም እየተባለ የጠገበ ሰው ይጎርሳል። ይህን ባህል የሚነካ ምክር መስጠት ከባድ ነው፤ ፍቅርን መቀነስ ይመስላልና። ግን ጉርሻው በምሳ ቢሆን፣ እራት ቀለል ቢል፣ ፍቅሩ የሚጎድል አይመስለኝም።

«ጥፋቱ የበርበሬው ነው» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰጣል። በከፊል እውነት አለው፤ ሚጥማጣና በርበሬ የተቆጣን ቧንቧ ያቃጥላሉ፣ የሚያባብስባቸው ሰዎችም በርግጥ አሉ። ሆኖም ሁሉንም ቅመም ከልክሎ አልጫ ብቻ እየበላ፣ ያንኑ አልጫ በቅቤ አርሶ በ3 ሰዓት ተኩል በልቶ የሚተኛ ሰው ቃሩ ለምን እንዳልለቀቀው ሊገርመው አይገባም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰው የሚያባብስበትን ምግብ ራሱ ለጥቂት ሳምንታት አስተውሎ ይለይ፤ በሌላው ሰው ዝርዝር ራሱን አያስርብ። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡና የሚያቃጥለው ሰው ከቁርስ በኋላ ይጠጣ፤ ካላቃጠለው ምንም አጥፍቶ አይደለም። በአልኮልና በሲጋራ ላይ ግን እንዲህ ለዘብ ማለት አልችልም። ሁለቱም ቀለበቱን ያላላሉ፤ ሲጋራ በዚህ ላይ አሲዱን የሚያለዝበውን ምራቅ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጾምን የሚመለከት ነው፤ በጥንቃቄ መታየትም አለበት። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው ቃር ቢይዘው ጥፋቱን በጾሙ ላይ ያደርጋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን በ9 ሰዓት መብላት እንደውም ከመኝታ የራቀ መልካም ሰዓት ነው። ቃሩ የሚመጣው በ9 ሰዓት በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከመብላት፣ ከዘይት ብዛትና ማታ ከሚደገመው እራት ነው። ከጾሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍቺው ነው። የትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ወር ገደማ የፍስክ ምግብ ያልነካው ሆድ በዶሮ ወጥና በቅቤ ይሞላል፣ ከዚያም ሰው እስኪነጋ ይተኛል። በረመዳንም ሱሑር በልቶ ወዲያው መተኛት ተመሳሳይ ችግር አለው። ሃይማኖቱ ያዘዘው ሰዓት ሳይነካ መጠኑን ማሳነስ፣ ከበሉ በኋላ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ወይም መጸለይ ይቻላል። በሐኪም የታዘዘለት ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገርም ነውር የለውም።

ተልባን የሚወዱ ሰዎችም መልስ ይገባቸዋል። ተልባ ውሃ ሲነካው የሚለቀው ልጋግ የተቆጣን ቦታ ሸፍኖ ቢያበርድ የሚያስገርም አይደለም፤ በጾም ወተት ለማይጠጣ ሰውም አንድ አማራጭ ነው። ጥያቄዬ በመጠኑና በሰዓቱ ላይ ነው። በመኝታ ሰዓት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ተልባ መጠጣት ባዶ ሊሆን የተቃረበውን ጨጓራ እንደገና መወጠር ነው። ወተትም ሲወርድ ያበርዳል፤ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ግን ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ራሳቸው አሲድ ስለሆኑ ቧንቧው ለቆሰለ ሰው ልመክራቸው አልችልም። በውሃ የሚበጠበጥ ሶዳ አሲዱን በርግጥ ያመክናል፤ ነገር ግን በሶዲየም የተሞላ ነውና ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ልማድ ሊያደርገው አይገባም። እርጉዝ ሴት ደግሞ ለሆድ ይበጃል ተብላ ጤና አዳም እንዳትጠጣ፤ ማሕፀንን የሚያነሣሣ ተክል ነው። ከጓሮ ስለተቀጠፈ ብቻ አንድ ነገር ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም።

ስለ ራስጌው ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው በትክክል ስለማያደርገው ነው። ትራስ መደራረብ አይጠቅምም፤ አንገትንና ሆድን አጥፎ ጫናውን ይጨምራል እንጂ። ከፍ ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ ነው። በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጡብ ወይም ጠርብ እንጨት ማስገባት ይበቃል። ፍራሹ መሬት ላይ ለሆነ ሰው ከፍራሹ በታች በራስጌው በኩል የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ያዘነበለ ጣውላ ያገለግላል። ስለዚህ ጉዳይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው የሚል ሰው ልክ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ወጪው ጡብ፣ ጉዳቱ ዜሮ የሆነን ነገር ለመሞከር የግድ የሺዎች ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። ወገብን ጥብቅ አድርጎ የሚያስር መቀነትና ቀበቶም ከምግብ በኋላ ይላላ።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኦሜፕራዞል አለ» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ይህ መድኃኒት አሲድን በመቀነስ ረገድ ከጓዳችን የሚስተካከለው የለም፤ ቧንቧው የቆሰለ ሰው ያስፈልገዋል፣ ሐኪም ያዘዘለትም በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። የምቃወመው ያለ ምርመራ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥን ነው። ብዙዎች ሲያማቸው ብቻ ወይም ከምግብ በኋላ ይወስዱታል፤ በደንብ የሚሠራው ግን ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲወሰድ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ቃር የሌለባቸው ጤናማ ሰዎች ለ8 ሳምንት የዚሁ ዘር የሆነ መድኃኒት ወስደው ሲያቆሙ ከመካከላቸው ብዙ ሰዎች ቀድሞ ያልነበረባቸው ቃርና መሰል የአሲድ ሕመም እንደያዛቸው አሳይቷል። ታፍኖ የቆየው የአሲድ ምርት ሲለቀቅ ይበረታል። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ሕመሙ የተመለሰበት መስሎት እንደገና ይጀምራል፤ እራቱን ያላስተካከለም ከሆነ መውጫው ይጠፋዋል።

የቤት ውስጥ ዘዴ ሁሉ የሚያበቃበት ድንበርም አለ። ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም የሚያመው፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ማነስ የተገኘበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ደረቱ ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድበት ሰውማ ቃር ነው ብሎ ሰዓት ሳያባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በአርሲና በባሌ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ይታወቃል። ያ ካንሰር በአብዛኛው ከቃር የሚነሣው ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት መዋጥ ካቃታቸው በኋላ ነው። እንጀራ አልወርድ ብሎት በአጥሚትና በሾርባ መኖር የጀመረ ሰው ኢንዶስኮፒ (ቧንቧውን በካሜራ የማየት ምርመራ) ያስፈልገዋል፤ ቤተሰቡ ሌላ ተልባ ከመበጥበጡ በፊት በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይውሰደው።