ሸክም የሌለው መንገድ

እኛን የደቡብ ጎንደር ሰዎች በእግር መሄድ ማንም አያስተምረንም። ገበያው በእግር ነው፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ ንግሡም በእግር ነው። ወንዛዬ ፍልውሃ የሚወርድ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ሕመምተኛውን ደግፎ ጉማራ ዳር ይሰነብታል እንጂ መንገዱ ራቀኝ ብሎ አይቀርም። ታዲያ ጉዟችን ሁሉ ምክንያት አለው፤ ወይ የሚሸጥ፣ ወይ የሚድን፣ ወይ የሚቀበር አለ። ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልሄድ እንደሆነ የሰማችው አክስቴም የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምን ልታመጣ?" የሚል ነበር። "ገደሉ እዚህ ሞልቶ! ምን ጎድሎብህ ነው?"

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ገደል ለአገራችን ሰው እንቅፋት እንጂ ትርኢት ሆኖ አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሠራዊቱ ወራት የፈጀበት በየሸለቆው መንገድ እየቆረጠ መውረድና መውጣት ስለነበረበት ነው። ከብት የሚገባበት፣ ጎርፍ አፈር ይዞ የሚወርድበትን ነገር ቆሞ ማየት ለገበሬ ልጅ እንግዳ ቢሆንበት አይፈረድበትም።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ስሜን። ላሊበላን ሳይሳለም መሞትን የሚፈራ ሰው ግን ስሜንን "የፈረንጅ ነው" ብሎ ትቶታል። ከእኛ አካባቢ የሚነሳ የተማሪ ጉዞም አብዛኛውን ጊዜ ፋሲል ግንብ ደርሶ ይመለሳል፤ ከጎንደር ደባርቅ የቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደባርቅን አልፎ የሚገባውም ቢሆን ከመኪናው ብዙ አይርቅም፤ ከጭላዳዎቹ ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ ብርዱን ረግሞ ይመለሳል።

የአንድ ቀን እግረኛ የሚበጀው ደባርቅ አድሮ በማለዳ መነሳት ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ መግቢያው ይከፈላል፣ ለአገር ሰው ከውጭ ሰው ያነሰ ነው፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትም አብሮ ይመደባል። አንዳንዱ "እኔ ያገሬን ተራራ ለማየት ጠባቂ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ይከራከራል። ስካውቱ ግን የዚያው አገር ልጅ ነው። ጉም ሲወርድ አፋፉ የት እንዳለ፣ ከብቱ የት ድረስ እንደሚሰማራ፣ ዋልያው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ጥግ እንደሚወጣ እሱ ያውቃል። ቀስ ብሎ ለጠየቀው ሰው ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ እሱ ይናገራል።

ከቡይት ራስ ወደ ሳንካበር ያለው መንገድ ለአንድ ቀን ይበቃል። መኪና መንገዱ በብዙ ቦታ ከአፋፉ ገባ ስለሚል ገደሉ ራሱን የሚያሳየው ለእግረኛ ነው። በአስታው ጫካ ውስጥ ሲያልፉ ቆይተው በድንገት መሬቱ ያልቃል፤ ከታች ቆላው በሾሉ ዓለቶች ተሞልቶ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከዝንጀሮ ዘር ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነውና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነጫል። ሳንካበርን ጥቂት አልፈው የጅንባር ፏፏቴ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ በቀጭን ጫፍ ላይ ቆመው ውሃው ወደ ገደሉ ሲወረወር ያያሉ። ይህ የሚያምረው ከመስቀል በኋላ ነው። በበጋው እየቀጠነ ይሄዳል፣ በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ውበቱ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። ዩኔስኮ ስሜንን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ከምክንያቶቹ መካከል እርሻው፣ ግጦሹና የዋልያ ቁጥር ማነስ ይገኙባቸዋል። ዛሬ ጎብኚ "እንዴት ጸጥ ያለ ሜዳ ነው!" የሚለው ግጭ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 መንደር ነበር፤ ነዋሪዎቹ እርሻና ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ሣሩ እንዲያገግም ዋጋ የከፈለ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ሳያስብ የሚያደንቅ እግረኛ ያየው ግማሹን ነው።

ከስሜን የተመለሰ የደብረ ታቦር ሰው የሚያመጣው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቅርቡን የጉና ተራራ አዲስ ዓይን ይዞ ያየዋል። ሁለቱም ከጥንት እሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው፤ ስሜን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ጉና ከ11 ሚሊዮን አይበልጥም። ጓሳውም ጅብራውም ጉና ላይ አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ፤ ወንዛዬ ዳር የሚያልፈው ውሃ የዚያ ተራራ ልጅ ነው። እርሻው ግን በየዳገቱ ሽቅብ እየገፋ ነው፤ የታጠበው አፈርም ከውሃው ጋር ፎገራ ሜዳንና ጣናን ይጎበኛል። ስሜን ላይ የተጠበቀውን ሣርና ያልተጠበቀውን ጎን ለጎን ያየ ልጅ፣ ጉና ሲራቆት ምን እንደሚጠፋ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኙ፣ ጦርነቱ፣ ቀጥሎም በክልላችን የተነሳው ግጭት የውጭውን እንግዳ አርቀውታል። አስጎብኚው፣ የበቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ግን ኑሯቸው በእንግዳ ነው። ዋልያን የሚጠብቀው ገበሬ ከዋልያው የሚያገኘው ነገር ከሌለ ነገ ለምን ይጠብቀዋል? መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ መነሳት አይገባም፤ ሰላም ባለ ጊዜ ግን የመጀመሪያው እንግዳ የጎረቤት ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ ለዞናችን ትምህርት ቤቶች አንድ ሐሳብ አለኝ። ፋሲል ግንብ የሚደርሰው ጉዞ አንድ ሌሊት ይጨመርበት፤ ተማሪዎቹ ደባርቅ ይደሩና በማግስቱ ከስካውት ጋር በእግራቸው ይሂዱ። ሲመለሱም ሌላ ቀን ጉና ላይ ይውጡና ያዩትን ያመሳክሩ። ሁለተኛው ጉዞ የመኪና ኪራይ እንኳ ብዙ አይጠይቅም። ጉናን የሚያድን ደንብ ከጽሕፈት ቤት ሊወጣ ይችላል፤ የሚያስከብረው ግን ተራራውን በእግሩ የሚያውቅ ትውልድ ነው።