የዘበኛው ሁለተኛ መዝገብ

በሐርጌሣ ገበያ አንዲት እመቤት ቅመምና ሥጋ ገዝታ ዋጋውን ስትከፍል ብዙውን ጊዜ ቦርሳዋን አትፈታም፤ በስልኳ ትልካለች እንጂ። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. «ዛድ» የሚባለውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ በከተማዪቱ ተስፋፍቷል። እንደዚህ ባለ ሥራ ላይ የሚውለውን ኔትወርክ፣ የባንክም ሆነ የመሥሪያ ቤት፣ ፋየርዎል የተባለ መሣሪያ ይጠብቀዋል።

ፋየርዎልን በደጅ እንደ ቆመ ዘበኛ እንቍጠረው። ዘበኛው ሁለት መዝገብ አለው። በአንደኛው ማን እንደ ገባና ማን እንደ ተከለከለ ይጽፋል፤ በሁለተኛው ግን የገዛ አካሉን ጤና ይጽፋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በየቀኑ እየመረመረ ሁለተኛውን ይዘነጋዋል። ዘበኛው ታሞ የወደቀ ዕለት ግን በሩ እንደ ተዘጋ ይቀራል፤ ክፍያውም ይቆማል።

የሁለተኛው መዝገብ እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይናገራል፤ ይኸውም ቀኑንና ሰዓቱን፣ የክፍሉን ስም፣ የደረሰውን ነገርና የአደጋውን ክብደት ነው። ለምሳሌ ጧት «የማራገቢያው ፍጥነት ቀነሰ»፣ በቀትር «ሙቀቱ ከወሰን አለፈ»፣ ማታ «መሣሪያው ጠፋ» የሚል ተጽፎ ይገኛል እንበል። ችኩል ሰው የመጨረሻውን ብቻ አንብቦ በመብራት ኃይል ያመካኛል። አስተዋይ ሰው ግን ከላይ ጀምሮ ያነብና አቧራ የያዘውን ማራገቢያ ያገኛል።

ሦስት ነገር ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፣ «ወደ ደንቡ ተመለሰ» የሚለው ቃል ያው ችግር እየተደጋገመ ከሆነ የሚያጽናና አይደለም። ሁለተኛ፣ ዛሬ የደረሰው ነገር በ1970 እንደ ደረሰ ሆኖ ቢጻፍ የመሣሪያው ሰዓት መሳቱን ያመለክታል፤ ብዙ መሣሪያዎች ጊዜን የሚቈጥሩት ከዚያ ዓመት መጀመሪያ አንሥተው ነውና። ሦስተኛ፣ መዝገቡ ጠባብ ስለ ሆነ አንዳንዱ ሲሞላ አዲስ ነገር መጻፉን ያቆማል፤ ስለዚህ ሳይደመሰስ በፊት ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሁሉ መሐንዲስ ይሁን አንልም። ነገር ግን በየሳምንቱ «ሁለተኛው መዝገብ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው።