ኑድል ልሠራ ገብቼ ማሾ ቆጠርኩ

የዛሬውን የሰሊጥና የማሾ ዋጋ ጠዋት ስለለጠፍኩ አልደግመውም። ይሄኛው የግል አስተያየቴ ነው፤ ከወጥ ቤት ስለሚጀምር ትንሽ ታገሱኝ።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ "አባዬ፣ ያንን ከቻይና ምግብ ቤት የምናዘውን ኑድል ዛሬ ቤት ሥራልን" አለችኝ። ጾም ስለሆነ ዶሮና እንቁላል የለም፤ በአትክልት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ከማዘዝ ይቀላል። ኑድሉ ካልተገኘ ቀጭን ፓስታ ይበቃል፤ የፈላው ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ስታደርጉበት ፓስታው እንደ ኑድል ሳብ ሳብ ይላል (አረፋው ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፊ ይሁን)። ከዚያ መጥበሻው በደንብ ይጋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገባው፤ ሁሉንም ባንዴ ከደፋችሁት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ስኳር፣ ከእሳት ሲወርድ ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል የሰሊጥ ዘይት። ዘይቱን ቀድማችሁ እሳት ላይ ካደረጋችሁት ሽታው ይበናል፣ ብራችሁም አብሮ።

አሁን ሳህኑን በነጋዴ ዓይን እዩት። ሶያ ሶሱ አኩሪ አተርና ስንዴ ነው። ዘይቱ ሰሊጥ ነው። ያቺ ትንሽ 150 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከ300 እስከ 350 ግራም ከሚሆን ሰሊጥ የሚወጣ ዘይት ነው፤ እኔ በገዛሁበት ብር ግን ጥሬ ሰሊጥ ብሸምትበት ከ2 ኪሎ በላይ አገኝ ነበር። ይሄን ስጽፍ "እሴት ጨምሩ" የሚለውን ስብከት ልጀምር ነው ብላችሁ አትፍሩ። እሱን ሁላችንም ሰልችቶናል። እኔ ዛሬ ያለኝ ነገር ስለ ማሾ ነው።

ከምግብ ቤት በሚመጣው ኑድል ላይ ያለው ነጭ፣ ቀጭን፣ ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር የማሾ ቡቃያ ነው። መስታወት የሚመስለው ኑድልም ከማሾ ስታርች ይሠራል። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ስንቶቻችን ገዝተን ሸጠነዋል? ስንቶቻችንስ ምን እንደሚሆን አይተናል? እኔ አላየሁም ነበር።

ቢሮዬ ሁለት ናሙና ነበረኝ፤ አንዱ የዘንድሮ፣ አንዱ የአምና። ቡቃያውን ራሴ ላብቅል ብዬ ረቡዕ ማታ ለሌላ ድግስ አስቤ ከሁለቱም 100 100 ፍሬ ቆጥሬ ዘፍዝፌያቸው ነበር። በማግስቱ ውሃውን ደፍቼ እርጥብ ጨርቅ አለበስኳቸው፣ ጠዋትና ማታ አለቀለቅኳቸው። ቅዳሜ ስገልጠው ከዘንድሮው 93ቱ ጎንቁሏል። ከአምናው 58። የቀረው ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ለስልሶ የሚሸት። በዓይን ግን ሁለቱ ናሙናዎች አይለዩም ነበር፤ የአምናው እንዲያውም ትንሽ ይገዝፋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። የአምናው ናሙና የአንድ ዩኒየን ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። አምና እዚሁ ቻናል ላይ "አትቸኩሉ፣ ያዙ፣ ዋጋው ይነሳል" ብዬ ጽፌ ነበር። አመኑኝና ያዙ። ዋጋው እንዳልኩት ትንሽ ተነሳ። ምርቱ ግን በቆላ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከርሞ ነበር። ገዢው ናሙናውን ወስዶ ሲመለስ "ለቡቃያ አይሆንም" አለና ዋጋውን ቆረጠ። እኔ ያኔ ለመነጫነጭ ፈጠንኩ፤ "የቻይና ገዢ ሰበብ አያጣም" ብዬ ለሊቀመንበሩ በስልክ አጽናናኋቸው። ሰውየው ሰበብ አልነበረም ያቀረበው። እኔ ስለ ዋጋ ስጽፍ እህሉ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ ይሄንን እናቶቻችን ያውቁታል። ብቅል የሚያበቅል ሰው ያልጎነቆለ ገብስ ይዞ ጠላ አይጠምቅም። ከረመ ወይ፣ ነቀዝ ነካው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሞክሮ ያያል። እኛ ግን መቶ ኩንታሎችን በቀለምና በመጠን ብቻ አይተን እንጨባበጣለን።

"ሁሉም ገዢ ለቡቃያ አይገዛም" የምትሉኝ ላኪዎች ልክ ናችሁ። ለስታርች የሚፈልገው ሰው ቢጎነቁል ባይጎነቁል ግድ የለውም፣ ለእሱ ንጽሕናውና እርጥበቱ ነው ጉዳዩ። ነገር ግን የትኛውን እንደያዛችሁ ሳታውቁ እንዴት ትደራደራላችሁ? 93 የሚበቅል ይዞ በስታርች ዋጋ የሚሸጥ ዩኒየን እየሰጠ ነው። 58 ይዞ የቡቃያ ኮንትራት የሚፈርም ላኪ ደግሞ ጭነቱ ወደብ ሲደርስ ይጠራል።

ስለዚህ ዘንድሮ "ያዙ" ወይም "ሽጡ" ከማለቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከየክምሩ፣ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ካሉ ጆንያዎች ቀላቅላችሁ 100 ፍሬ አውጡ፣ ዘፍዝፉ፣ በፎጣ ጠቅልሉ፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ቁጠሩ። በየወሩ ድገሙት። የእኔ አንድ ጨርቅና አንድ ሳህን የላብራቶሪ ምስክር ወረቀት አይተካም፣ አውቃለሁ፤ ግን ቁጥሩ ከወር ወር ሲወርድ ካያችሁ የማቆያ ጊዜያችሁ እያለቀ ነው፣ የእኔ የዋጋ ትንበያ ምንም ቢል።

ለሊቀመንበሩ ትናንት ደውዬ ነገርኳቸው። "ታዲያ አምና ለምን ኑድል አልሠራህም?" ብለው ሳቁብኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጄ የ93ቱን ቡቃያ በላችው። የቆጠራችሁ ቁጥራችሁን ከወረዳችሁ ጋር በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሰኞ ከዋጋው ሥር እለጥፈዋለሁ።