ሞተር በምድር ይፈተናል

ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን፥ አየሮፕላንን ወደ ሰማይ የሚያነሣው ሞተርም አስቀድሞ በምድር ላይ በእሳት ይፈተናል። ይህ ፈተና ሳይፈጸም መንገደኛን አሳፍሮ መብረር የሰውን ነፍስ ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው።

በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርስቲ፥ በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በፕሮፌሰር ሞሪስ ዙክሮው መሪነት የሮኬትና የጀት ሞተር መፈተኛ ላቦራቶሪ አቋቁሟል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሞተሩ እንዳይንቀሳቀስ በጽኑ ይታሰራል፤ መምህራንና ተማሪዎች ከወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳ በስተኋላ ሆነው ያቀጣጥሉታል፤ የግፊቱን ኃይል፥ የሙቀቱን ልክና የነዳጁን ፍጆታ እየለኩ ይመዘግባሉ። ሞተሩ ቢፈነዳ እንኳ ጕዳቱን ግድግዳው ይቀበለዋል፤ ስሕተቱም ትምህርት ይሆናል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የጀት ሞተር አየርን ስቦና አምቆ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፤ የጋለውንም አየር ወደ ኋላ በመግፋት ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በጅጅጋ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 15 እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በቦሌ ደግሞ 20 እጅ ያህል። የቀኑ ሙቀት ሲበረታም ይብስበታል። አየሮፕላኑ እንግዲህ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ አለዚያም ጭነቱን ይቀንሳል። የሚቀነሰውም የነጋዴው ዕቃ ወይም የመንገደኛው ወንበር ነው።

ሞተር ሲደክም የሚያስከፍለው ዋጋ በኢትዮጵያ ታይቷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 እርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገቡበት፤ ኃይሉንም አጥቶ በግድ ሲያርፍ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አዲስ ዓይነት ሞተር በምድር ላይ ሲፈተን ወፍ ወደ ውስጡ የሚወረወረው እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ የታደሰ ሞተር የሚፈትንበት ስፍራ አለው። የአየር መንገዱ ፈተና ሞተሩ ለሥራ መድረሱን ያረጋግጣል፤ የዩኒቨርስቲ ፈተና ግን ምክንያቱን ይመረምራል፤ መርማሪም ያፈራል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት የወጣችው ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት መሆኑም የሚያስተምረው አለ።

አገር ብዙ ችግር ሳለባት ለሞተር መፈተኛ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን መጀመሪያው ሮኬት መሆን የለበትም። የጅጅጋ ዩኒቨርስቲ አንድ አነስተኛ ሞተር፥ አንድ የግፊት መለኪያና ከመኖሪያ የራቀ የግንብ ክፍል ይዞ ቢጀምር፥ የሳሳውንና የሞቀውን አየር የሚያጠናበት ሜዳ በደጁ ነው። እዚያ መለካትን የለመደ ወጣት ወደ ጉናጋዶ ቢወርድ፥ ከጥልቅ ጕድጓድ ውሃ የሚስብ የናፍጣ ሞተር ከመቆሙ በፊት ድካሙን ያውቅለታል። በድርቅ ወራት ሞተሩ አንድ ሳምንት ቢቆም ለአርብቶ አደሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ግመሎቹ ይመሰክራሉ።